ሐይቅ ተሻግረው የሚጠፉት እስክሪብቶዎቼ

ባለፈው ሳምንት የጡረታ ደብተሬን ላሳድስ አንድ ባንክ ገብቼ ነበር። ቅጹን ይሙሉ ተባልሁና ወደ መጻፊያው ጠረጴዛ ጠጋ ስል እስክሪብቶ የሚታሰርበት ሰንሰለት አለ፤ እስክሪብቶው ግን የለም። ጥሩ ሰንሰለት ነው፤ በሁለት ብሎን ከጠረጴዛው ጋር ተያይዟል። ጫፉ ላይ ምንም ሳይዝ ተንጠልጥሏል። አጠገቤ የቆመ ጎልማሳ አነሣና አገላብጦ አየው፣ መልሶም ተወው። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ልጅ፣ ሹሩባ የተሠራች ትሑት ልጅ ናት፣ ጠዋት እንደነበረ ነገረችን፤ በየሳምንቱ ስንት እንደሚጠፋባት ስታወራ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ከቦርሳዬ የራሴን አወጣሁ። ጽፌ ስጨርስ ጎልማሳው ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት፤ ክዳኑን ግን በጡጫዬ ያዝሁ። ከእሱ ወደ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ከእሷ ወደ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ ከባጃጅ ነጂው ወደ ሁለት ተማሪዎች ተላለፈና ዞሮ እጄ ገባ። ልጅቷ ስታየኝ ቆይታ ክዳኑን ለምን እንዳልሰጠኋቸው ጠየቀችኝ። ክዳን የሌለው እስክሪብቶ ሸሚዝ ያበላሻል፣ ሰው ኪሱ ሊከተው ሲል ትዝ ይለዋል አልኋት። ይኸን የት እንደተማርሁ ስትጠይቀኝ ወገቤን ቀና አድርጌ፣ የጀልባ ጣቢያ መስኮት ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀምጫለሁ አልሁ። እንደዚያ ያለ ጣቢያ መኖሩን ሰምታ አታውቅም። አልፈርድባትም። ግን ቤቴ ስገባ ነገሩ አላስቀምጥ አለኝና ይኸን መጻፍ ጀመርሁ።

ዛሬ ሰው ከባሕር ዳር ዘጌ መሄድ ሲያምረው ስልክ ይደውልና ከየሆቴሉ ደጅ በሞተር ጀልባ ይፈተለካል። ያኔ እንዲህ አልነበረም። በጣና ሐይቅ ዳር ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ቆርቆሮ ክዳን ያላት፣ ግማሽዋ ሰማያዊ ግማሽዋ ነጭ የተቀባች ቤት ነበረች። ከፊት ለፊቷ መስኮት፣ ከጎኗ የአለቃው ክፍል፣ ከኋላዋ መጋዘን። ከደጃፏ እስከ እንጨቱ መሳፈሪያ ድረስ ሠላሳ እርምጃ ያህል ይሆናል። ጀልባዋ በሳምንት አንድ ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተነሥታ በዘጌ በኩል ደሴት ለደሴት እየነካካች ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ድረስ ትዘልቅና በሳምንቷ ትመለሳለች። ከተማዋ ያኔ የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ብስክሌት በሰዓት ይከራያል፣ ሻይ በአሥር ሣንቲም ይጠጣል፣ የፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ መንገዱ በሠራተኛ ይሞላል። ከጣቢያው ማዶ ያለው ሻይ ቤት በእንጨት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ራዲዮ ነበረው፤ አንድ ዘፋኝ ወንዝ ስለለየው ፍቅሩ በክራር ሲያንጎራጉር ጠዋት ጠዋት እሰማ ነበር። ወጣቶቹ ከታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ሱሪ ለብሰው ጸጉራቸውን አጎፍረው ይሄዳሉ። እኔም ብሆን የዋዛ አልነበርሁም። አረንጓዴ ጉርድ ቀሚስ፣ በእጄ የሠራሁት ቢጫ ሹራብ፣ ቡናማ ኮንጎ ጫማ ነበረኝ፤ ከጫማዬ በቀር ሁሉም እስኪያልቅ ድረስ አምሮብኛል። ዋርካው ዛሬም አለ። ቤቷ ግን ፈርሳ በቦታው ወጣቶች ፎቶ የሚነሡበት አግዳሚ ወንበር ተተክሏል። አንድ ቀን ተቀምጬበት ነበር፤ መስኮቴ የነበረበት ቦታ ትክክል መሆኑን ከዋርካው ሥር ተነሥቼ በእርምጃ ለክቼ አረጋግጫለሁ።

የመስኮቱ ሥራ እንዲህ ነው። ጣና ሲያኮርፍ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መንገደኛ ከመሳፈሩ በፊት ስሙን፣ የመጣበትን ደብር፣ የሚወርድበትን ቦታና ክፉ ቀን ቢመጣ ለማን እንደሚነገርለት በዝርዝሩ ላይ ማስፈር አለበት። ዝርዝሩ ሳይሟላና አለቃው ሳይፈርምበት የጀልባዋ ገመድ አይፈታም። ስልሳ ሰው ይሰለፋል፤ እስክሪብቶው አንድ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችለውን እኔ እጽፍለታለሁ፤ ችግሩ እሱ ጋ አልነበረም። ችግሩ አዲስ ፊደል የቆጠረው ነው። ያኔ አገሩ ሁሉ በየዋርካው ሥር ፊደል ይማር ነበርና፣ አንድ ገበሬ ስሙን በራሱ እጅ መጻፍ ከቻለ ማንም እንዲጽፍለት አይፈቅድም። እስክሪብቶውን ተቀብሎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ነክሶ፣ አንድ ፊደል ጽፎ ራቅ ብሎ እያየ፣ ስሙን እስከ አያቱ ያሰፍረዋል። ሲጨርስ ፊቱ ይበራል። ደስታው ውስጥ ገብቶ እስክሪብቶዬን እንደያዘ ይሄዳል። ጀልባዋ አንዴ ከተነሣች እስክሪብቶዬ በሐይቁ ላይ ነው። አንዱ ደልጊ ገባ፣ አንዱ ከአንድ ደሴት ገዳም መነነ፣ አንዱ በጋብቻ ወረቀት ላይ ሲፈረምበት እንደታየ ወሬው መጣልኝ።

አለቃችን አቶ ታደሰ ይባሉ ነበር። ከአርሲ በኩል ተዛውረው የመጡ፣ ካኪ ልብሳቸው ገመድ ላይ ከነመተኮሻው የደረቀ የሚመስል፣ ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። እኔን ከመጋዘን አውጥተው መስኮት ላይ ያስቀመጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ይኸን ውለታቸውን አልክድም። ከእኔ በፊት መስኮቱ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ግን ለሦስት ወር ሙከራ ነው አሉኝ። መጋዘን ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ያልተለፋ ቆዳ ይገባበታል፣ የዘጌ ቡና ከረጢት ይገባበታል፣ የደረቀ ዓሣ ይገባበታል፤ ከዚያ የሚወጣ ሰው ዓርብ የታጠበው ልብስ ሰኞ አይለበስለትም። ሁለት ዓመት ሳል አልተለየኝም ነበር። ከዚህም ይልቅ መጋዘን ውስጥ "አንች ልጅ" ነበርሁ። መስኮቱ ላይ ከተቀመጥሁበት ጠዋት ጀምሮ ወይዘሪት ይታይሽ ሆንሁ። እናቴ ከመርዓዊ ልትጠይቀኝ መጥታ ሰው በአክብሮት ሲጠራኝ ከሰልፉ ኋላ ቆማ ስትሰማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። ለዚያ መስኮት ማንኛውንም ነገር አደርግ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ለወር የሚሰጠኝ ሁለት እስክሪብቶ ነው፤ ቢጫዎች፣ ማዕዘናም፣ ጫፋቸው ላይ ሰማያዊ ክዳን ያላቸው። ሱቅ ውስጥ ዋጋቸው ሠላሳ ሣንቲም ቢሆን ነው፤ እየገዛሁ ብተካ ደግሞ አቶ ታደሰ በየእስክሪብቶው ላይ የታተመውን የመሥሪያ ቤቱን ምልክት ስለሚያውቁት አይሆንም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱም ሄዱ። ተጨማሪ ለመንሁ፤ ሰጡኝ። ሲባጎ ፈልጌ ከመስኮቱ ምስማር ጋር አሰርሁት። አንድ ዓሣ አስጋሪ ሲባጎውን በጣቱ እየዳበሰ ጥንካሬውን አደነቀና ሄደ፤ ዘወር ብዬ ስመለስ እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ሲባጎው የለም፤ መረቡ ተቀዶበት ኖሯል። ክዳኑን መያዝ የጀመርሁት ያኔ ነው። ለመምህራንና ለቢሮ ሰዎች መድኃኒት ሆነ፤ የደረት ኪስ ያለው ሰው ክዳን ይፈልጋል። ገበሬ ግን ከጆሮው ላይ፣ ሴቷ ከመቀነቷ ውስጥ ነው የምትሰካው፤ ክዳን ምናቸው ነው። መያዣ አስቀምጡ ማለት ጀመርሁ። አንዲት የዘጌ ሴት ዶሮዋን ሰጥታኝ ጻፈችና፣ ጀልባዋ ስትጮህ ደንግጣ ዶሮዋን ትታ እስክሪብቶዬን ይዛ ተሳፈረች። ዶሮዋ ከቅጾቹ ሣጥን ውስጥ እንቁላል ጣለች። በሳምንቱ ሴትዮዋ ተመልሳ እስክሪብቶውን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝና ዶሮዋን ተቀበለች፤ እንቁላሉንም ጠየቀች። ሰጠኋት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ አንድም ሌባ አልነበረም። የሚወስደው ሰውየው አይደለም፣ እጁ ነው። እጅ ሐሳቡ ሌላ ነው፤ ባለቤቱን አያማክርም። ይኸን ለአቶ ታደሰ ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር። ሰሙኝና ከመሳቢያቸው አንድ እስክሪብቶ አውጥተው በሁለት ጣታቸው ይዘው አሳዩኝ።

"ወይዘሪት ይታይሽ፣ ይህ የመጨረሻው ነው። ይህም ሐይቁን ከተሻገረ አንቺ ወደ መጋዘን ትመለሻለሽ፤ መስኮቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።"

የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ አንድ የጀልባ ቀን ብቻ ቀርቶ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ከእስክሪብቶው ላይ ዓይኔን አልነቀልሁም። ሰው ሲጽፍ እጁን እንጂ ፊቱን አላይም፤ ሰላምታ የሰጡኝን ሁሉ ሳልመልስ ቀርቼ ይሆናል። ሃምሳ ያህል ሰው ጽፎ እንዳበቃ የኔታ ጥበቡ ወደ መስኮቱ ቀረቡ። የኔታ ዘጌ ውስጥ ብራና የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ፣ ስንቱን ደብተራ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ጥምጥማቸው በጥቁርና በቀይ ቀለም ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ነው። ስማቸውን ሲጽፉ ሰልፉ አንገቱን አሰገገ። እያንዳንዱን ፊደል አቁመው፣ ሆዱን ሞልተው፣ እግሩን አሹለው ነው የሚጽፉት፤ ያ የደከመ ቅጽ የወንጌል ገጽ መሰለ። እኔም እንደ ሰው ፈዝዤ ፊደላቸውን ሳይ የእጃቸውን ነገር ረሳሁት። ሲጨርሱ የእስክሪብቶውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጠረግ አድርገው በጥምጥማቸው እጥፋት ውስጥ ሰኩትና መቋሚያቸውን ይዘው ወደ መሳፈሪያው ሄዱ። ሲሰኩት አየሁ። በሰው ፊት፣ ልጆቹን እንዲያስተምሩለት እግራቸው ሥር በሚወድቅ ሕዝብ ፊት፣ የኔታን ጥምጥምዎን ይፍቱ ማለት ሌባ ከማለት አይተናነስም። ዝም ማለት ደግሞ መጋዘን ነው። ከሰልፉ የቀሩት አሥራ አንድ ሰዎች ይጠብቃሉ፤ እስክሪብቶ የያዘ አንድም የለም። ጀልባዋ አንድ ጊዜ ጮኸች። አቶ ታደሰ ክፍላቸው ውስጥ ወንበር ሲስቡ ተሰማኝ።

ከሣጥኑ አንድ ባዶ ቅጽ መዝዤ በኋላ በር ወጣሁና ሮጥሁ። በኮንጎ ጫማ በእርጥብ እንጨት ላይ መሮጥ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የኔታ አንድ እግራቸውን ጀልባዋ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ደረስሁባቸውና ጉልበታቸውን ስሜ ቅጹን በጀርባው ዘረጋሁ። የእናቴን የክርስትና ስም በዚያ ፊደላቸው እንዲጽፉልኝ ለመንሁ፤ ወለተ ማርያም ነው አልኋቸው። ፊታቸው ፈካ። "በደስታ ነዋ፣ ልጀ" አሉና እጃቸው ሳያማክራቸው ወደ ጥምጥማቸው ወጣ። እስክሪብቶውን መዘዙት። "ወ"ን ጽፈው "ለ"ን ሊጀምሩ ሲሉ ቆሙ። ቢጫውን እስክሪብቶ አዩት። መቃ ብዕራቸው አይደለም። እኔን አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ።

"ስትሮጭ የመጣሽ ለዚህ ነው፣ ለእናትሽ ነው?"

"ለሁለቱም ነው፣ የኔታ።"

ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። አርባ ዓመት ሙሉ መቃ ብዕራቸውን እዚያች እጥፋት ውስጥ ሲሰኩ እንደኖሩ፣ ሚስታቸውም ሁልጊዜ ጥምጥም በማጠብ እንደምታማርር ነገሩኝ። ከዚያ የእናቴን ስም ጽፈው ጨረሱ፤ በመስታወት ውስጥ ገብቶ እስካሁን ግድግዳዬ ላይ አለ። ምን እንደተፈጠረ ጠየቁኝና ሁሉንም አወራሁላቸው፤ ሲባጎውን፣ ዶሮዋን፣ የሙከራውን ነገር። ሰሙኝና መቋሚያቸውን አስይዘውኝ ከመሳፈሪያው ጎን ወደ ውኃው ወረዱ። ጀልባዋ ሁለተኛ ጊዜ ስትጮህ እሳቸው ከደንገሉ መሐል ናቸው። ደንገል ታንኳ የሚሠራበት የጣና ሣር ነው፤ ውስጡ ነጭና ለስላሳ፣ ጫፉ ላይ እንደ ጎፈሬ የተበተነ ጸጉር አለው። መቃቸውን በሚቀርጹበት ካራ ከላይኛው ቀጭን በኩል ክንድ ከስንዝር የሚሆን ቆረጡ፤ ጎፈሬውን አልነኩትም። የእስክሪብቶውን ቂጥ ከሥሩ በኩል አስገብተው ገፉት፤ ጥርቅም ብሎ ገባ። ውኃው ከቀሚሳቸው እየተንጠባጠበ አምጥተው ሰጡኝ።

"በይ እንግዴህ፣ ይኸን በጥምጥሙ የሚደብቅ መሪጌታ ከመጣብሽ ስሙን ላኪልኝ።"

አሥራ አንዱ ሰዎች በዚያ ረጅም እስክሪብቶ እየሳቁ ጻፉ። አንዱ ገበሬ ጎፈሬው አፍንጫውን ሲነካው እያስነጠሰ ነው የአያቱን ስም ያሰፈረ። ጽፎ ሲጨርስ ግን፣ እጁ ወደ ጆሮው ሊወጣ ሲል ደንገሉ ከመስኮቱ ክፈፍ ጋር ተጋጨና ቆመ፤ ሰውየው እጁን አየና እየሳቀ መለሰልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ደንገል ዘመድ አበዛ። በሳምንት አንዴ ሲጠወልግ ወርጄ አዲስ እቆርጣለሁ፤ ለጤና ጣቢያዋ መዝጋቢ ቆርጬ ሰጥቻለሁ፣ ለማዘጋጃ ቤት ሰዎች አሳይቻለሁ፣ የቆጋ ወንዝ ውኃ ማኅበር ጸሐፊ እዚያው መስኮቴ ላይ ቆሞ ተምሮ ሄዷል። አንድ ጊዜ ለሥራ ወደ ጎንደር ሄጄ በአንድ ቢሮ ደንገል የተሰካበት እስክሪብቶ ሲሰጡኝ ከየት እንዳገኙት ጠየቅሁ፤ የባሕር ዳር ሴትዮ ዘዴ ነው አሉኝ። ሴትዮዋ እኔ መሆኔን ሳልናገር ፈርሜ ወጣሁ፤ እስከ መናኸሪያው ድረስ ግን መሬት አልረገጥሁም። ዘዴው የየኔታ መሆኑን ለጠየቀኝ ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ አሁንም እናገራለሁ። ሩጫው ግን የእኔ ነው፤ እሱን ለማንም አልሰጥም። ዛሬ ሐይቁ ዳር እምቦጭ አረሙ ደንገሉን ሲያንቀው ሳይ ያንገበግበኛል። ከባንኩ ልጅ ጋር እንደገና ስገናኝ ሄደን የምንቆርጥበትን ቦታ አሳያታለሁ ብዬ አስቤያለሁ፤ በደንገሉ ምን እንደምትሠራበት ግን ገና አልነገርኋትም።

የዚያን ጠዋት ነገር አልጨረስሁም። የመጨረሻው ሰው ጽፎ እንደሄደ አቶ ታደሰ ዝርዝሩን ሊፈርሙ እንደ ወትሯቸው ወደ መስኮቱ መጡ። ረጅሙን እስክሪብቶ ሳቀብላቸው ቅንድባቸው ከፍ አለ። ስሞቹን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እያስሄዱ አነበቡ፤ የየኔታ ስም ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። ፈረሙ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ጀልባዋ እንዳለ እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ። ደንገሉ አገጫቸው ሥር ገባ፣ ጎፈሬው ጉንጫቸውን ዳበሰው። እንደ ዝንብ እሽ ብለው መልሰው ሊሰኩት ሞከሩ። አሁንም አልገባ አለ። ያኔ ቆሙ፤ እጃቸውን አዩት። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የደረት ኪሳቸውን ልብ ብዬ አየሁት። ሦስት ወር ሙሉ የራሳቸው ናቸው ብዬ ሳልጠረጥር የኖርሁባቸው ሁለት ቢጫ እስክሪብቶዎች፣ ከነክዳናቸው ጭምር፣ ጎን ለጎን ብቅ ብለው ነበር።

በመስኮቱ በኩል መዳፌን ብቻ ዘረጋሁ። አቶ ታደሰ ጆሯቸው ቀልቶ ደንገሉን አስቀመጡልኝ። ከቢጫዎቹም አንዱን፣ ከዚያም ሁለተኛውን ከኪሳቸው መዝዘው ከጎኑ አኖሩልኝ። ሊሸኝ መጥቶ ዙሪያችን የቆመው ሰው ወደ ሐይቁ ዞረ፤ የአገራችን ሰው እንዲህ ባለው ጊዜ ወዴት ማየት እንዳለበት ያውቃል። ጀልባዋ ሦስተኛ ጊዜ ጮኸች። ይኸን ጊዜ ሁልጊዜ ገመዱን ፍቱ ብለው የሚጮኹት እሳቸው ነበሩ። ያን ጠዋት ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ በዝግታ ጠየቁኝ።

"ወይዘሪት ይታይሽ፣ ጀልባዋ ትሂድ?"

ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ስም እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ አየሁት። አልቸኮልሁም።

"ትሂድ" አልሁ።